ለሁለት ቀን ወደ ባሕር ዳር

ከወረታ እስከ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱም በሐሙሲት በኩል የሚወስድ አስፋልት ነው። ስለዚህ የቁሐር ሚካኤል እናቶች ባሕር ዳርን ያውቋት እንደሆነ ቢጠየቁ፣ ብዙዎቹ እናውቃታለን እንደሚሉ አያጠራጥርም። ዳሩ ግን የሚያውቋት በአብዛኛው በሽተኛ ይዘው ሆስፒታል ሲመላለሱ፣ ለጉዳይ ቢሮ ደጅ ሲጠኑ ወይም ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞውን የሚጀምርባትን ከተማ በመኪና መስኮት አይተው ይመለሳሉ። ለመሆኑ እናት ለራሷ ዕረፍት ብላ ሁለት ቀን ብትሄድ ምን ይጎድላል?

በመጀመሪያ የሚታቀደው ጊዜው ነው። ለፎገራ ገበሬ ቤተሰብ የሩዙ አረም ካለቀ በኋላ፣ አጨዳው ሳይደርስ ያሉት ቀናት የተመቹ ናቸው። ይኸውም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መግቢያ ያለው ወቅት ሲሆን፣ ሜዳውን ያጥለቀለቀው የክረምት ውኃ የሚጎድልበት፣ ዓባይ ግን ገና ሙሉ የሆነበት ነው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸው ጊዜያት ስለነበሩ፣ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ ማጠያየቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚታቀደው ቤቱ ነው። እንጀራው ቀድሞ ቢጋገር ይበቃል። ውኃ መቅዳቱን፣ ከብት ማሰማራቱን፣ ሕፃናቱን መመገቡን አባትና ከፍ ያሉት ልጆች ይከፋፈሉት። ወንድ ልጅ ወጥ ሠርቶ ለታናናሾቹ ቢያቀርብ ነውር የለበትም። እናት የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ሌሊት ጨርሳ የምትሄድ፣ ስትመለስም ያልታጠበ ዕቃ ተከምሮ የሚጠብቃት ከሆነ፣ ዕረፍቱ ቅጣት ይሆንባታል። የመጓጓዣው፣ የአልጋውና የምግቡ ወጪም ባልና ሚስት ተመካክረው አስቀድመው የሚቆጥቡት ይሁን።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ቀን ሞቅ፣ ማታ ቀዝቀዝ የምትል ከተማ ናት። በመሆኑም ለማታ የሚለበስ ጋቢ መያዝ ይጠቅማል። የወባ ትንኝ ስላለ የሚያድሩበት ክፍል አጎበር እንዳለው ጠይቁ።

በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ከደረሳችሁ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን የዓባይ ድልድይ በእግር ተሻገሩ። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር ዘና ብላችሁ ከደንገል የተሠሩትን ታንኳዎች ተመልከቱ። ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ግን በዳርቻው እንዲዋኙ አትፍቀዱላቸው፤ በጣና ውኃ ቢልሃርዝያ ይገኛል።

በሁለተኛው ቀን ዘጌን ወይም ጢስ ዓባይን ምረጡ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት ድካም ነው። ወደ ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በቡናው ጥላ ሥር አልፋችሁ፣ በግድግዳ ሥዕሎቹ የታወቀውን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ታያላችሁ። ወደ ክብራን ገብርኤል ግን ሴት አትገባም። ይህን ሳያውቁ ከፍለው ጀልባ ላይ ተቀምጠው ወንዶቹን መጠበቅ እንዳይመጣ፣ ከመሳፈር በፊት የምትሄዱበትን ገዳምና ዋጋውን ተነጋገሩ። ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ተባብሮ መሳፈርም ወጪውን ያቀላል።

ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ፏፏቴው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውኃ ስለሚወስድ፣ በበጋ ወራት መጠኑ በእጅጉ ይቀንሳል። ከላይ የጠቆምነውን ወቅት የመረጥነውም ለዚህ ጭምር ነው።

እህቶቼ፣ ሁለት ቀን አጭር ጊዜ ነው። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ቀድማ ተነሥታ መጨረሻ ለምትተኛ እናት ሌላ ሰው ያፈላውን ቡና ተቀምጦ መጠጣት ቀላል ነገር አይደለም። አባወራዎችም ይህን ዓምድ ካነበባችሁ፣ ዘንድሮ ቤቱን ለመጠበቅ ተራው የእናንተ ይሁን። መልካም ጉዞ!