የመሐል ሜዳ ገብስ ምን ጎደለው?

ተመርቀው ወደ ደጋው የሚወጡ ወንድሞችና እኅቶች ለባላገሩ የሚሰጡት የተለመደ ምክር አለ፤ ይኸውም «ሥጋ ብሉ፣ ወተት ጠጡ፣ እንቁላል አትሽጡ» የሚል ነው። ምክሩ በመጽሐፍ ሲነበብ ያምራል፤ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ግን መልስ ያጣል። የመንዝ ገበሬ እንቁላሉንና ቅቤውን የሚሸጠው ጥቅሙን ስላላወቀ አይደለም፤ ጨው፣ ሳሙናና የልጁ ደብተር ያለ ገንዘብ ስለማይገኙ ነው። ስለዚህ ከመምከራችን በፊት የሚበላው ምግብ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ መመርመር ይገባናል።

መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ብርዳም አገር ነው። ገበታውን የያዙት ገብስና ባቄላ ናቸው። የገብስ አብዛኛው ክፍል ስታርች ነው። ስታርች ከምራቅ ጀምሮ እየፈረሰ በትንሹ አንጀት ግሉኮስ ይሆንና ወደ ደም ይገባል። ከዕለቱ ሥራ የተረፈው በጉበትና በጡንቻ ይከማቻል፤ ከዚያ ያለፈው ስብ ይሆናል። የጉበት ጎተራ ግን ጠባብ ነው፤ አንድ ቀን ያህል ሳይበሉ ቢውሉና ቢያድሩ ይራቆታል።

ፕሮቲን ደግሞ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ክፍሎች ይለያያል፤ ሰውነት ሥጋውንና ደሙን የሚሠራው በእነዚህ ነው። ዘጠኙን ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ከነዚህ መካከል ላይሲን የተባለው በገብስ ያንሳል፤ በባቄላ ግን ሞልቷል። ባቄላ የሚያንሰውን ሜቲዮኒን ደግሞ ገብስ ይሞላለታል። እንግዲህ የድኻ ምግብ ተብሎ የሚናቀው የገብስ እንጀራ በባቄላ ወጥ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሸፍን ገበታ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የሕፃናት ምግብ ጥናት ያፈራው ፋፋም እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር በማዋሐድ የተሠራ ነው።

ታዲያ ገበታው እንዲህ ከሆነ የልጆቹ መቀጨጭ ከየት መጣ? በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል። አንዱ ትልቅ ምክንያት የመጠን ነገር ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ በቀጠነ አጥሚት ሲሞላ የሚያገኘው አብዛኛው ውኃ ነው። ኃይል ሲጎድለው ሰውነት ፕሮቲኑን ራሱን ያነደዋል፤ ይህም የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ ምድጃ ውስጥ እንደ መማገድ ነው። ለጎደለው ኃይል ፈጥኖ የሚደርስ ስብ ነው፤ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል።

ስለዚህ ምክራችን እንዲህ ቢሆን እላለሁ። አዋቂው ገብሱንና ባቄላውን አይናቅ። የሕፃኑ አጥሚት ግን ይወፍር፤ የባቄላ ዱቄት ይግባበት፤ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ ወይም ጥቂት ቅቤ ይጨመርበት። ለገበያ ከሚወጣው እንቁላል ጥቂቱ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ይቅር፤ ቁመት ይበልጡን የሚወሰነው በዚያ ዕድሜ ነውና። ጾምም ቢሆን ሰበብ አይሆንም፤ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ጹም አትለውም። እናቲቱ የጾሙ ዕቃ እንዳይነካባት ብትሠጋ ለልጁ አንዲት ድስት ለብቻ ትለይለት።

«ውርጭ ገብሱን በመታው ዓመትስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚያ ዓመት ምክር አያጠግብም፤ የሚያስፈልገው እህል፣ መንገድና ጎተራ ነው። ይህንንም ለባለሥልጣን ደፍሮ መናገር የተማረው ሰው ግዴታ ነው። እህል ለሌለው ሰው ስለ ሥጋና ወተት መስበክ ግን ትምህርት አይባልም።