የሰፈሩ ቡድን ታላቅ አለው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅዎ የት እንደሚውል ያውቃሉ? «ኳስ ሜዳ ነው» ይሉ ይሆናል። ከማን ጋር? ቢጣሉ የሚገላግላቸው፣ ቢወድቅ የሚያነሣው ማን ነው? ብዙዎቻችን እዚህ ላይ መልስ ያጥረናል። ኳስን «የዓለም ነው» ብለን ስንሸሸው፣ ልጆቻችን ሜዳ ላይ ያለ ታላቅ ቀርተዋል።

ኳስና ቤተ ክርስቲያን ግን ትውውቃቸው የቆየ ነው። ስሙን በቴሌቪዥን የምንሰማው ኤቨርተን እ.ኤ.አ. በ1878 የተጀመረው በሊቨርፑል ከተማ፣ ቅዱስ ዶሚንጎ በተባለች የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። በበጋ ክሪኬት የሚጫወቱት ወጣቶች በብርዱ ወራትም የሚጫወቱት እንዲኖራቸው ታስቦ ነበር። በዓመቱ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ውጭ ያሉ ሰዎችም «እኛም እንግባ» ስላሉ፣ ቡድኑ በአካባቢው ስም ተጠራ። በሩን ለጎረቤት ከፈተ ማለት ነው።

«እነሱ ገንዘብ አላቸው» የሚል ካለ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ይመልከት። ማታሬ በናይሮቢ ከሚገኙ የድሆች መንደሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ቦብ ሙንሮ የተባለ ካናዳዊ እዚያ ካሉ ልጆች ጋር የወጣቶች ስፖርት ማኅበር መሠረተ። ልጆቹ ኳስ ብቻ አልተሰጣቸውም፤ ኃላፊነትም ተሰጣቸው። ቡድኖቹ ሰፈራቸውን ከቆሻሻ ሲያጸዱ በውድድሩ ሰንጠረዥ ላይ ነጥብ ይጨመርላቸው ነበር። ቆይቶም ሴቶች ልጆች ገቡበት። ከዚሁ ማኅበር የወጣው ማታሬ ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2008 የኬንያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሣ። ዋንጫው ደስ ይላል፤ ለእኔ የሚበልጥብኝ ግን ከዋንጫው በፊት በየሳምንቱ መጥረጊያ ይዘው የወጡት ልጆች ናቸው።

እኛስ ምን እናድርግ? በትንሹ እንጀምር። ሁለት የታወቁ አዋቂዎች ተስማምተው ቀንና ሰዓት ይቁረጡ፤ አንዱ ቢቀር ሌላው አይቅር። አንድ አዋቂ ብቻውን ከልጆች ጋር እንዳይሆን ሁለት መሆናቸው ይጠቅማል። የልጆቹን ስምና የወላጆቻቸውን ስልክ በደብተር ይመዝግቡ። መዋጮ ካለ ገንዘቡን የሚይዘው አንድ ሰው፣ ሒሳቡን የሚጽፈው ሌላ ይሁን፤ ብዙ የሰፈር ቡድን የሚፈርሰው በሽንፈት ሳይሆን በሐሜት ነውና። ኳሱን የሚጠብቅ፣ ውኃ የሚያመጣ፣ ሜዳውን የሚያጸዳ ከልጆቹ መካከል በተራ ይመደብ። ጎበዙም ደካማውም ይሰለፍ። ተቀምጦ ብቻ የሚመለስ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት አይመጣም።

ምናልባት እርስዎ ኳስ መምታት አይችሉ ይሆናል። ግድ የለም፤ ልጆቹ ያንን ያውቁበታል። የጎደላቸው ስማቸውን የሚያውቅ፣ በሰዓቱ የሚገኝ ታላቅ ሰው ነው።

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ይባል የለ? እስቲ በመጪው ቅዳሜ ከነኳሱ እንውደደው።