ሳይጠሩት የማይመጣ ቁጥር

«የዛሬን ሥራ ለነገ አታሳድር» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ስለዚህ በኮምፒዩተር ክፍለ ጊዜ «ሰነፍ ስሌት» የሚባል ነገር ስንሰማ ብዙዎቻችን ሳቅን። ትርጉሙንም ሸምድደን ፈተናውን አለፍን። ነገሩ ግን አልገባንም ነበር። ይህን መናገር አያሳፍርም፤ ነገ ሌላውን የምናስተምር እኛው ነንና።

እንዴት አወቅን ቢሉ፣ በልምምድ ሰዓት በሃስኬል ቋንቋ ከ1 የሚጀምር፣ ማለቂያ የሌለው የቁጥር ተርታ ጻፍንና «ከ10 የሚያንሱትን አጣራልን» አልነው። ከ1 እስከ 9 ጻፈ፤ ከዚያ ዝም። ጠበቅን፤ አሁንም ዝም። «በቃ ተበላሸ!» ብለን አጠፋነው። ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ሃስኬል እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ በአሜሪካዊው የሎጂክ ሊቅ በሃስኬል ከሪ ስም የተሰየመ ቋንቋ ነው። ጠባዩ እንዲህ ነው፦ ተርታ ሲሰጡት ወዲያው አያሰላም፤ አሠራሩን ብቻ ይይዛል። ሲጠየቅ የተጠየቀውን ያህል አስልቶ ይሰጣል። እናቶቻችን ሊጡን በቡሃቃ አቆይተው እንግዳ ሲመጣ እንደሚጋግሩት ማለት ነው። የተጋገረው እንጀራ ሞሶብ ውስጥ እንደሚቆይ ሁሉ፣ አንዴ የተሰላ ቁጥርም ተርታው እስከተያዘ ድረስ ዳግመኛ አይሰላም። ልዩነቱ፣ ሊጥ ያልቃል፤ የቁጥር ተርታ ግን አያልቅም።

በኛ አስተያየት ይህ ትምህርት ከማሽኑ በፊት በሰው መጀመር አለበት። ሞክረነዋል። ሦስት ሰው ይቁም። አንደኛው ከ1 ጀምሮ ቁጥር ይጥራ፤ ሁለተኛው ለ2 እኩል የሚካፈለውን ብቻ ያሳልፍ፤ ሦስተኛው «አምስት አምጡ» ይበል። ሦስተኛው አፉን ካልከፈተ ሁለቱ አይነቃነቁም። ሲጠይቅ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 ይደርሰዋል። ጠሪው የጠራው 10 ቁጥር ብቻ ነው፤ ከዚያ ያርፋል።

አሁን መካከለኛው ከ10 የሚያንሰውን ብቻ ያሳልፍ፤ ሦስተኛውም «ያለውን ሁሉ አምጡ» ይበል። 9 አለፈ። 10 ተመለሰ፣ 11 ተመለሰ፣ 12 ተመለሰ... መካከለኛው የሚያየው እጁ የገባውን አንድ ቁጥር እንጂ ከእንግዲህ የሚያንስ እንደማይመጣ አያውቅም። ማሽናችን ዝም ያለው ለዚህ ነበር፤ ለካ እየሠራ ኖሯል! ትእዛዙ «ከ10 የሚያንስ እስከመጣ ድረስ ብቻ ውሰድ» ቢሆን ኖሮ 10ን እንዳየ ባቆመ ነበር።

ዘዴው እንከን የለውም አንልም። ምን መቼ እንደሚሰላ ስለማይታይ ስሕተት መፈለግ ያስቸግራል፤ ረጅም ተርታ ከተያዘም የማሽኑ ሜሞሪ ይሞላል።

«ለአንደኛ ደረጃ መምህር ይህ ምን ይሠራለታል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ የምንለው፣ ተማሪ «ገባኝ» ሲል ገብቶት ይሁን ሸምድዶ መለየት የመምህር ሥራ ነው። እኛው ራሳችን «ገባን» ብለን አልፈን፣ ደኅናውን ማሽን አጥፍተናል።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ወደ ማሽኑ ከመግባታችን በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ልምምድ ይሰጠን። በፈተናም ትርጉሙን ብቻ አትጠይቁን። «ስንት ቁጥር ተጠራ? ለምንስ አላቆመም?» በሉን። ያኔ የተረዳውና የሸመደደው ይለያል።