ማሸጊያው ላይ የበቀለ ሣር

ገበያ ወጥቶ ዶሮ የሚገዛ ሰው አይታለልም ማለት አይደለም። ቢታለልም ግን ዐይኑ እያየ ነው። ክንፏን ይዞ ብድግ ያደርጋታል፤ ደረቷን ይዳብሳል፤ እግሯን ያያል። ሻጩ ቢምል ቢገዘት የመጨረሻዋ ምስክር ራሷ ዶሮዋ ናት።

ሱፐርማርኬት ውስጥ ምስክሯ የለችም። ታርዳ፣ ተገነጣጥላ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ቀርባለች። ስለ አኗኗሯ የሚመሰክርላት ማሸጊያው ብቻ ነው፤ ማሸጊያውን ያጻፈው ደግሞ ሻጩ ራሱ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ስለ እንስሳት አያያዝ በምግብ ማሸጊያ ላይ የሚለጠፈው ምልክት ያን ያህል የሚያጨቃጭቀው ከዚህ የተነሣ ነው። ለመሆኑ ሻጭ ለራሱ ዕቃ ምስክር ሆኖ የቆመበት ሸንጎ ፍርዱ እንዴት ይቃናል?

ምስክርነቱን እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቴስኮ የተባለው ትልቁ የብሪታንያ ሱፐርማርኬት በ2016 ርካሽ ሥጋውንና አትክልቱን «ዊሎው ፋርምስ»፣ «ውድሳይድ ፋርምስ» በመሳሰሉ ሰባት የእርሻ ስሞች መሸጥ ጀመረ። ስሙን ያነበበ ሰው ዛፍ ያለበት መስክና አንድ ደግ ገበሬ በሐሳቡ ይመጣበታል። ስሞቹ ግን የንግድ ስሞች ነበሩ፤ ዕቃው ከብዙ ቦታ የተሰበሰበ፣ አንዳንዱም ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። የገበሬዎቹ ማኅበር ሳይቀር አቤት አለ።

አሜሪካ የባሰ ነው። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል በአገሪቱ የግብርና ሚኒስቴር ትርጉም ሰው ሠራሽ ነገር ያልተጨመረበትና ብዙ ያልተቀነባበረ ሥጋ ማለት ነው፤ እንስሳዋ እንዴት እንደኖረች አንዳች አይናገርም። የዶሮ ሥጋ ላይ «ሆርሞን ያልተሰጣት» ተብሎ ይጻፋል፤ ለዶሮ ሆርሞን መስጠት ግን ቀድሞውንም በሕግ የተከለከለ ነው። «በኬጅ ያላደገች» ይባላል፤ ኬጅ የሚባለው የሽቦ ሳጥን የእንቁላል ጣዮች መኖሪያ እንጂ የሥጋ ዶሮዎች አይደለም። ሁሉም ቃል እውነት ነው፤ ሁሉም ተደምሮ ግን ማታለል ነው። ዋሽንግተን ላይ ለበዓል ዶሮ ወጥ የምትሠራው እኅታችን ለዚህች ቃል ሁለት ዶላር ጨምራ ከከፈለች፣ የገዛችው ባዶ ቃል ነው። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ይባል ነበር። ዛሬ በመጫኛ የሚጣለው ገዢው ሆኗል።

ታዲያ መድኃኒት የለውም? አለው። መድኃኒቱ እንቁላል ላይ ተሞክሮ ሠርቷል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2004 ጀምሮ በእያንዳንዱ እንቁላል ቅርፊት ላይ ቁጥር ይታተማል። 0 ኦርጋኒክ፣ 1 ደጅ ወጥታ የምትጭር፣ 2 ደጅ ሳትወጣ በቤት ውስጥ የተለቀቀች፣ 3 በኬጅ የምትኖር ዶሮ እንቁላል ማለት ነው። በቀድሞው ኬጅ ለአንዲት ዶሮ የሚደርሳት 550 ካሬ ሴንቲሜትር፣ ማለትም ከአንድ ኤ4 ወረቀት ያነሰ ቦታ ነበር። እሱ በ2012 ተከልክሎ 750 ካሬ ሴንቲሜትር በሚሰጠው ተተካ።

አንባቢ ሆይ፤ የዚህን ሕግ ብልኀት ልብ በል። ሕጉ የሚያስፈልገው ለ0 ቁጥር አይደለም። መልካም የሠራ ሰው ማንም ሳያስገድደው ይናገራል። በብሪታንያ ከ1994 ጀምሮ እንዳለው፣ በእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ተቆጣጣሪ እየተመረመረ የሚለጠፍ የፈቃደኝነት ምልክት አለ፤ አይናቅም። ነገር ግን ምልክት መለጠፍ በፈቃድ እስከሆነ ድረስ ጥሩው ይናገራል፣ መጥፎው ዝም ይላል፤ ዝም ያለው ደግሞ ባዶውን አይቀመጥም፣ ሣር ይሥላል። ሕግ የሚያስፈልገው ለ3 ቁጥር ነው። ክፉውን በአፉ እንዲናገር የሚያስገድድ ሕግ!

ውጤቱም ታየ። ጀርመን ውስጥ 3 ቁጥር የታተመበት እንቁላል ከትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች መደርደሪያ ጠፋ ማለት ይቻላል። ቁጥር ግዴታ ያልሆነበት ቦታ ግን አለ፤ ማዮኔዝ፣ ፓስታና ኬክ ውስጥ የሚገባው እንቁላል ከየትኛው ዶሮ እንደመጣ አይጻፍም። የሥጋ ዶሮም እንደዚያው ነው። በአውሮፓ ሕግ በአንድ ካሬ ሜትር እስከ 42 ኪሎ ዶሮ ማጨቅ ይፈቀዳል። ሁለት ሁለት ኪሎ የሚመዝኑ ቢሆኑ 21 ዶሮ መሆኑ ነው። ይህን ማሸጊያው ላይ ጻፍ ብሎ የሚያስገድድ የለም።

«ዋጋ ይንራል፣ ድኻ ይጎዳል» የሚሉ አሉ። ቁጥር መጻፍ ርካሹን ከመደርደሪያ አያወርድም፤ ስሙን ብቻ ይነግረናል። ድኻን የሚጎዳው ከጎደለ ኪሱ ላይ ለሥዕል ማስከፈል ነው። «ሰው በሚራብበት ዓለም ስለ ዶሮ ምቾት!» የሚሉም አይጠፉም። እነዚህን የምንጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴ ሰው ስለተራበ ይማራል? ስለ እንስሳዋ ባይገደንም ገዢው ሲዋሽ ሊገደን ይገባል። ደግሞስ ምነው ስለ እንስሳዋ አይገደንም?

መንግሥታቱ ያዘግማሉ። የአውሮፓ ኮሚሽን 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ፈርሞ ከጠየቀው በኋላ፣ ኬጅን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ረቂቅ ሕግ በ2023 አቀርባለሁ ብሎ በ2021 ቃል ገባ። 2023 አለፈ፤ ረቂቁ አልቀረበም። ጀርመን በ2023 ለጥሬ የአሳማ ሥጋ አምስት ደረጃ ያለው የግዴታ ምልክት ደነገገች። ብሪታንያም ተመሳሳይ ባለ አምስት ደረጃ ምልክት ያስፈልግ እንደሆነ በ2024 ሕዝቧን ጠየቀች።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ቁጥሩ በሥጋውም፣ በወተቱም፣ ኬክ ውስጥ በገባው እንቁላልም ላይ ግዴታ ይሁን፤ የሚመረምረው ከሻጩ ደሞዝ የማይቆረጥለት ሰው ይሁን፤ ቤት ተዘግቶባት ላደገች ዶሮ የሣር ሥዕል ይከልከል። አዲስ አበባም በፕላስቲክ የተጠቀለለ ዶሮ መግዛት ከጀመረች ቆይታለች። ሥዕሉ ከዶሮው ጋር ተጠቅልሎ መምጣቱ አይቀርም፤ ቁጥሩም አብሮ እንዲመጣ ከአሁኑ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።