የስንዴ ፍሬ የምታህል መብራት

ሙቀቱስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ዘንድ፣ ጅቡቲ ከተማ፣ ካምሲኑ መንፈስ ከጀመረ ወዲህ ቀን ቀን ከቤት መውጣት የማይታሰብ ሆኗል። ስለዚህ የሰፈሩ ልጆች እኔ ጋ ተሰብስበው ይውላሉ። ዝም ብለው እንዳይቀመጡ ካርቶን፣ መቀስና ኮላ ሰጥቻቸዋለሁ። የዛሬው ጽሑፌም የመጣው ከነሱው ነው።

ከልጆቹ አንዱ 13 ዓመቱ ነው። አያቱ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ ነበር። ዛሬ ዓይናቸው ደክሞ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው፤ ብርሃንና ጨለማ ግን ይለያሉ። ልጁ አያቱ ሲያወሩ የሰማውን ይዞ ከካርቶን ጣቢያና ባቡር ሠራላቸው። አባባ በእጃቸው ዳሰሱት። ጣራውን፣ በሩን፣ ሐዲዱን፣ ፉርጎውን አንድ በአንድ ነካኩና «ጎበዝ፤ ግን መብራቱስ? ማታ ያለ መብራት ጣቢያ አለ እንዴ?» አሉት። ልጁ በማግስቱ እኔ ጋ መጥቶ «ጋሼ፣ የሚበራ መብራት እንሥራ» አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ቀላል ነው!

ለማያውቁ ልጆቻችን ስለዚያ ባቡር ጥቂት ልበል (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ሥራው እዚሁ ጅቡቲ በ1897 ተጀመረ። በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋ የተቆረቆረችውም በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ሲሆን መንገዱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሆልሆል ያላችሁ የምታውቁት የብረት ድልድይም የዚሁ መስመር ሥራ ነው። አዲስ አበባ «ለገሃር» የምንለው ስም እንኳ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። ያ ባቡር ዛሬ እስከ ጅቡቲ አይመጣም። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ በ2016 አዲስ አበባ ላይ፣ በጃንዋሪ 2017 ደግሞ ጅቡቲ ላይ ተመርቋል፤ የከተማችን ጣቢያው ናጋድ ነው።

ወደ ሥራችን እንመለስ። በውጭ አገር ሞዴል ባቡር የሚሠሩ ሰዎች በጣም ትንንሾቹን አምፖሎች «የስንዴ ፍሬ» እና «የሩዝ ፍሬ» እያሉ ይጠሯቸዋል። አሁን ደግሞ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር፣ ወርዷ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች ኤል ኢ ዲ አለች። የኛ ሰው ስም ያውጣላት ቢባል «የጤፍ ፍሬ» ይላት ነበር። እሷን ግን ያለ ማጉያ መነጽርና ያለ ወረንጦ መያዝ አይቻልም። ለኛ 3 ሚሊ ሜትሯ፣ ማለትም ስንዴዋ፣ ትበቃናለች። ከተበላሸ ሬዲዮ ወይም ከሞተ ቻርጀር ትገኛለች። ከእጅ ባትሪ የሚወጣው ብዙ ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱም ከፍ ላለ ሞዴል ይሆናል።

መጀመሪያ ልክ ማውጣት ያስፈልጋል። የኛን ጣቢያ 50 ጊዜ አሳንሰን ነው የሠራነው። ስለዚህ 4 ሜትር የሆነ የመብራት ምሰሶ በሞዴሉ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 3.4 ሳንቲ ሜትር ነው። የድሮው ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር በሞዴሉ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ልጆቹ ይህንን ራሳቸው ሲያካፍሉ ማየት ደስ ይላል፤ ሒሳብ እጠላለሁ የምትለዋ ልጅ እንኳ ከሁሉ ቀድማ ጨረሰች።

ምሰሶው የተሠራው ከእስክሪብቶ ውስጥ ከምትወጣው ቀጭን ቱቦ ነው፤ ቀለሙ ያለቀ ይሁን። በውስጡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ይገባል። ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ የሚወጣው ሽቦ ጥሩ ነው፤ ግን ላዩ በቀለም ስለተሸፈነ ጫፉን በምላጭ ፍቃችሁ ካላጸዳችሁት መብራት አያስተላልፍም። የመብራቱ ባርኔጣ ከመድኃኒት ማሸጊያ ብልጭልጭ ወረቀት ይሠራል። የኤል ኢ ዲዋን አናት በአሸዋ ወረቀት ትንሽ ሻከር ብታደርጉት ብርሃኑ ወደ አንድ ቦታ መወርወሩን ትቶ ዙሪያውን ይበተናል። ቤቱ ውስጥ መብራት የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ የካርቶኑን ግድግዳ በውስጥ በኩል ጥቁር ቀቡት፤ አለዚያ ብርሃኑ በመስኮት ብቻ መውጣቱ ቀርቶ ቤቱ በሙሉ እንደ ፋኖስ ይበራል።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ልጆቹ ከበውኝ ሳለ የተማርኩትን ሁሉ ረስቼ ኤል ኢ ዲዋን በቀጥታ ከ9 ቮልት ድንጋይ ጋር አገናኘኋት። ብልጭ አለችና ጠፋች፤ ጠፋች ብቻ ሳይሆን ሞተች። ያለችን ነጭ እሷው አንዲት ነበረች። ልጁ ምንም አላለም፤ አንገቱን ደፍቶ ሐዲዱን ማስተካከል ጀመረ። ተቆጥቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሌላ ፍለጋ ሦስት ቀን ተንከራተትን።

ጥፋቱ ይህ ነው፦ ኤል ኢ ዲ እንደ ድሮው አምፖል ራሷን አትቆጣጠርም፤ የተሰጣትን ሁሉ ትጠጣለች። መጠኑን የሚቆጣጠርላት ሬዚስተር የሚባለው ባለቀለም ቀለበት ትንሽ ዕቃ ነው። ስሌቱም ቀላል ነው። ሦስት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ሲቀጣጠሉ 4.5 ቮልት ይሆናል። ነጭ ኤል ኢ ዲ ወደ 3 ቮልት ትወስዳለች፤ 1.5 ቮልት ይተርፋል። 10 ሚሊ አምፔር እንዲሄድ ከፈለግን 1.5ን ለ0.01 እናካፍላለን፤ 150 ኦም ይሆናል። ቀለሙ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ ነው። ቀይ ወይም ቢጫ ኤል ኢ ዲ ግን ወደ 2 ቮልት ብቻ ስለምትወስድ 270 ኦም (ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ) ስጧት። ለእያንዳንዷ መብራት የየራሷ ሬዚስተር ይኑራት። ረጅሟ እግር ወደ ፖዘቲቭ፣ አጭሯ ወደ ኔጋቲቭ ናት፤ ተገልብጣ ከተያዘች አትበራም። መጋጠሚያውን ሁሉ በናስትሮ ሸፍኑ፤ እርሳስ የምትበይዱ ከሆነ ሥራው የአዋቂ ይሁን፣ በር ተከፍቶ ይበየድ፣ እጅም ከምግብ በፊት ይታጠብ።

እናቶችና አባቶች፣ ከዚህ በታች ያለውን ግን ሌላውን ብትዘሉ እንኳ እንዳትዘሉት አደራ። ልጆቹ የሰዓትና የሪሞት ጠፍጣፋ ክብ ባትሪ ትንሽ ናት፣ ለሞዴል ትመቻለች ብለው አምጥተው ነበር። እኛ ስንሠራ የልጁ ታናሽ እህት፣ ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ አንዷን አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች። እናቷ በጣቷ አወጣችላት፤ እግዜር ይስጣት። ይህች ባትሪ ከተዋጠችና ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች። ሕፃኑ አልቅሶ ዝም ቢል እንኳ ዳነ ማለት አይደለም። ከተጠረጠረ ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ቅጽበት ወደ ሐኪም ነው የሚሮጠው፤ አታስመልሱት፣ ምግብም አትስጡት። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክብ ባትሪ ከቤቴ አስወጥቻለሁ። የምንሠራው በትልቁ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው።

የስልክ ባትሪም አትፍቱ፤ ሁለቱ ጫፎቹ ከተነካኩ እሳት ያስነሳል፤ ድንኳንና ሸራ ደግሞ እሳት አይችልም። ግድግዳ ላይ ካለው መብራት ጋርም በምንም ምክንያት አታገናኙ። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጅቡቲ በመስመር የምታገኘው የኢትዮጵያ መብራት የአገራችን ነው ብሎ አይራራልንም!

በአራተኛው ቀን ማታ ሦስቱም ምሰሶዎች ቆሙ፤ አንዲት ቀይ ደግሞ ከባቡሩ ኋላ ተሰካች። ልጁ ሞዴሉን ተሸክሞ አያቱ ፊት አስቀመጠውና የቤቱን መብራት አጠፋ። ማብሪያውን ሲነካው በራ። አባባ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን አስጠጉ። ቆዩ። ከዚያ በጣታቸው ሳይነኩ «እዚህ አንድ፣ እዚህ ሁለት፣ እዚህ ሦስት» ብለው ቆጠሩ። «ቀዩስ የት ነው?» አላቸው ልጁ። አሳዩት።

«ባቡሩ ሲሄድ መጨረሻ የምታያት እሷን ነው» አሉ አባባ። «ሰው ሸኝተህ ቀዩ እስኪጠፋ ትቆማለህ።»

ማንም አልተናገረም። ከመካከላችን ሰው ሸኝቶ ያልቆመ፣ ወይም ሲሸኙት ዞሮ ያላየ ማን አለና?

ልጁ ሞዴሉን ለጁን 20፣ ለዓለም የስደተኞች ቀን ሊያሳይ ተዘጋጅቷል። ያን ቀን ለማየት የምትመጡ እንዳትነኩበት፤ እንድትቆጥሩለት ግን ይወዳል። እናንተም የሆልሆልን ድልድይ፣ የሰፈራችሁን መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ ጥላችሁት የመጣችሁትን ቤት ከነመብራቱ ከሠራችሁ እንዴት እንደሠራችሁት ጻፉልኝ፤ ያጋጠማችሁን ጥፋትም አትደብቁ፣ የኔን አይታችኋልና።

እስከሚቀጥለው ዕትም ቸር እንሰንብት።