ውሃን የሚያቀዘቅዘው ሸክላ

ካርቱምን የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ፥ በየመንገዱ ዳር፥ በዛፍ ጥላ ሥር ተደርድረው የሚታዩትን ትልልቅ የሸክላ ዕቃዎች ያስታውሳሉ። የአገሩ ሰዎች በዐረብኛ «ዚር» ይሏቸዋል፤ ታቻቸው እየሾለ ከመሄዱ በቀር ከእኛው ጋን ጋር ይመሳሰላሉ። መንገደኛ ሁሉ ከዚህ ውሃ ያለ ዋጋ ይጠጣል፤ ብዙ ጊዜም ዚሩን የሚያቆሙት ቤተሰቦች ለሞተባቸው ሰው መታሰቢያ እንዲሆን ብለው ነው። ታዲያ በግንቦት ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ፥ ይህ ውሃ ያለ በረዶና ያለ ኤሌክትሪክ ስለምን ይቀዘቅዛል?

ብዙዎች ሸክላ በተፈጥሮው ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሸክላ በዐይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። በእነርሱ በኩል ውሃው ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ ስለሚወጣ፥ የዕቃው ገላ እንዳላበው ሰው ዘወትር ርጥብ ነው። ይህ ርጥበት በደረቅ ነፋስ በሚተንበት ጊዜ በውስጥ ካለው ውሃ ሙቀትን ይወስዳል። አንድ ሊትር ውሃ ለመትነን የሚፈልገው ሙቀት ከ50 ሊትር ውሃ ላይ 10 ዲግሪ ለመቀነስ የሚበቃ ነው፤ ምንም እንኳ ከዚህ ሙቀት ከፊሉ ከአየሩ የሚመጣ ቢሆን፥ የቀረው ለጠጪው ይበቃል። እንግዲህ የዚር ማላብ ጉድለት መስሎ ቢታይም፥ ዋናው ጥቅሙ እርሱ ነው። አየሩ ርጥብ በሚሆንበት በነሐሴ ወር ግን ይህ ጥቅም ይቀንሳል።

ሌሎች ዕቃዎች ይህን ሥራ ሊሠሩ አይችሉም። አሉሚኒየም ከብርጭቆ ይልቅ ሙቀትን 200 ጊዜ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን የጣሳውም የጠርሙሱም ገላ ስስ ስለ ሆነ፥ በፀሐይ ቢቀመጡ ሁለቱም ፈጥነው ይሞቃሉ። ፔርሙስ ደግሞ፥ የስኮትላንዱ ሊቅ ጄምስ ዲዋር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1892 በፈለሰፈው ዕቃ ዐይነት፥ በሁለት ግድግዳዎቹ መካከል አየር ስለሌለው ሙቀትን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ፔርሙስ የቀዘቀዘውን ይጠብቃል እንጂ የሞቀውን አያቀዘቅዝም። ወታደር የኮዳውን ልባስ በውሃ ሲያርሰው የሚያገኘው ቅዝቃዜ ግን የዚሩ ዐይነት ነው።

በካርቱም ጦርነት በተነሣበት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በብዙ ሰፈሮች ኤሌክትሪክና የቧንቧ ውሃ ተቋርጦ ነበር። ኤሌክትሪክ የሌለው ማቀዝቀዣ ከቁም ሣጥን አይሻልም፤ ዚር ግን ነፋስና ጥላ ካገኘ ሥራውን አያቋርጥም።

ሆኖም ማቀዝቀዝና ማጥራት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች በሰው አልባ አውሮፕላን ከተመቱ በኋላ የውሃ አቅርቦቱ ተቋረጠ፤ ብዙ ሕዝብም ያልተጣራ ውሃ ለመጠጣት ስለ ተገደደ የኮሌራ በሽታ በከተማው ተስፋፋ። ውሃው ስለ ቀዘቀዘ ብቻ ንጹሕ ነው ብሎ መታለል አይገባም።

ስለዚህ በቆላ አገር ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን የሚከተለውን እንመክራለን። አንደኛ፥ የውሃው ሸክላ ከፀሐይ ርቆ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ይቀመጥ። ሁለተኛ፥ ምጣድ እንደሚሟሽ በዘይት ወይም በጎመን ዘር አይሟሽ፤ ቀለምም አይቀባ፤ ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ አያቀዘቅዝምና። ሦስተኛ፥ ውሃው አስቀድሞ ፈልቶ ይብረድ፥ ወይም በመድኃኒት ይታከም። አራተኛ፥ ዕቃው ክዳን ይኑረው፤ ውሃውም እጀታው ረዥም በሆነ መቅጃ ይቀዳ እንጂ እጅ አይግባበት። በመጨረሻም ሸክላው በየጊዜው ከውስጥም ከውጭም ይታጠብ።

እንዲህ ከተደረገ፥ ሸክላው ለቤተሰቡ ቀዝቃዛውንም ንጹሑንም ውሃ ይሰጣል።