አጥንት ቆጠራ

ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ የዛጉዌው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ በሰፊ ዋሻ ውስጥ ያሳነጸው ቤተ ክርስቲያን አለ። ከሕንፃው ጀርባ፣ የዋሻው ጨለማ በሚበረታበት በኩል፣ በሺህ የሚገመት ሰው ዐፅም ተኝቷል። የአንዳንዱ ቆዳ እስከ ዛሬ ደርቆ አጥንቱ ላይ እንደተጣበቀ ነው። የአገሬው አፈ ታሪክ ከግብፅና ከኢየሩሳሌም ድረስ መጥተው እዚያው ያረፉ ምእመናን ናቸው ይላል።

እኔ በሄድኩበት ቀን አንድ ጎብኚ ባትሪ እያበራ ፎቶ ያነሳል። አጠገቤ አንዲት የላስታ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ልጃቸው በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ከቤት እንደወጣ የቀረ ነው። ዐፅሙን ትክ ብለው አዩና፣ «እነዚህስ የታደሉ ናቸው ልጄ፤ ያሉበት ይታወቃል» አሉኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እኝህ እናት ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን አጥንት መቁጠር እንደምንወድ የሚክድ የለም። እገሌ የማን ዘር ነው፣ አያት ቅድመ አያቱ ከየት መጡ ሲባል ሰባት ቤት ወደ ላይ ለመውጣት አይደክመንም። በዚህ ቆጠራ ተጋብተንበታል፤ ተጋድለንበታልም። እውነተኛውን፣ አፈር የለበሰውን አጥንት ቁጠሩ ስንባል ግን እጃችን ያጥራል፤ ኪሳችንም ይቀደዳል።

እስቲ ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስልሳ ያህል ሰዎችን፣ አብዛኞቹን የንጉሠ ነገሥቱን ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ረሽኖ በጅምላ ቀበራቸው። በማግስቱ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ስፍራ ዶናልድ ጆሃንሰን የድንቅነሽን አጥንት አገኘ። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ እመቤት ስብርባሪ ከአሸዋ ተለቅሞ፣ ተለክቶና ተገጣጥሞ ዓለም አወቃት። የትናንት ማታዎቹ ሟቾች ግን ወጥተው በክብር እስኪቀበሩ ድረስ የደርግን ውድቀት መጠበቅ ነበረባቸው።

ድንቅነሽን መንቀፌ አይደለም። እነ ዶክተር ብርሃነ አስፋውና ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዚህ ሙያ ስማችንን አስጠርተዋል። ነገር ግን ለዚህ ምርምር የዋለው ገንዘብ በአብዛኛው የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ከፋይ ደግሞ ጠያቂ ነው። የባሕር ማዶው ከፋይ ጥያቄ «ሰው ከየት መጣ?» የሚል ነው፤ ትልቅ ጥያቄ ነው። የላስታዋ እናት ጥያቄ ግን «ልጄ የት ሄደ?» ነው። የእሳቸውን ጥያቄ እኛ ካልከፈልንበት ማን ሊከፍልበት ነው?

ሳይንሱ አይቻለውም እንዳይባል በአገራችን ታይቷል። በ1986 ዓ.ም. ገደማ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን የደርግን ወንጀል ይመረምር ለነበረው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሊያግዝ መጣ። አዲስ አበባ ላይ ከአንድ የጅምላ መቃብር የቀይ ሽብር ሰለባዎች አጥንት ሲወጣ የታነቁበት የናይሎን ገመድም አብሮ ወጣ። ሰው ሊክድ ይችላል፤ ገመድ አይክድም። እነዚያ አርጀንቲናውያን ከሰማይ የወረዱ ሊቃውንት አልነበሩም። በ1976 ዓ.ም. በአንድ አሜሪካዊ ባለሙያ፣ በክላይድ ስኖው፣ መሪነት የገዛ አገራቸውን የጠፉ ሰዎች መፈለግ የጀመሩ ጥቂት ተማሪዎች ነበሩ። ከራሳቸው ሙታን ተማሩ፤ ከዚያ ለእኛ ተረፉ። እኛስ ለማን ተረፍን?

ላሊበላም ቢሆን እንዲሁ ነው። በከተማዋ የሚገኝ አንድ የመካከለኛው ዘመን መቃብር እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2012 የተቆፈረው በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ነው። እግዜር ይስጣቸው። ግን የአያቶቻችንን አጥንት ታሪክ በፈረንሳይኛ እስክናነብ መጠበቅ አለብን? የይምርሐነ ክርስቶስ ሙታን ከግብፅ መጡ የሚለውን አፈ ታሪክ ጥርሳቸው ሊመሰክርለት ይችላል፤ ሰው በልጅነቱ የበላበትና የጠጣበት ምድር አሻራ በጥርሱ ላይ ይቀራልና።

«የሚላስ የሚቀመስ በጠፋበት አገር የአጥንት ምርምር ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ልጇ ጠፍቶ የቀረባትን እናት ቤት አያውቁትም። ሞቷል ብላ ተዝካር እንዳታወጣ ቢመጣስ? ይመጣል ብላ እንዳትጠብቅ ሞቶስ ከሆነ? ከዚህ የከፋ ረሃብ አለ? «ሙት አይነካም» የሚሉም አሉ፤ የእነሱን ስጋት አከብራለሁ። ነገር ግን በየዓመቱ ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ ዐፅም የምታከብር ቤተ ክርስቲያን፣ ዐፅም በክብር ሲነሳና በክብር ሲያርፍ ማየት አዲሷ አይደለም። ኃጢአቱ መንካቱ ሳይሆን ማዋረዱ ነው።

የምለው አጭር ነው። የሰው ዐፅም ጥናት ከእርዳታ ሰጪ ሳይሆን ከአገር በጀት ላይ በስሙ የሚጠራ ገንዘብ ይኑረው። ከላስታና ከሌላውም አካባቢ ጥቂት ወጣቶች በዚህ ሙያ ይማሩበት። ዐፅም ለማየት ከሚከፈለው የጎብኚ ገንዘብ የተወሰነው ለዐፅሙ መጠበቂያና ማጥኛ ይዋል። ከሁሉ በፊት ግን የጠፉ ሰዎች ዝርዝር ይያዝ፤ ከየእናቱ አፍ ምራቅ በጥጥ ተወስዶ ይቀመጥ። አጥንት መቶ ዓመት ይጠብቃል፤ እናት አትጠብቅም። እሷ ካለፈች በኋላ የተገኘን አጥንት ከስሙ ጋር ማገናኘት ይብስ ይከብዳል።

እኝያ እናት በዋሻው ደጃፍ ተሳልመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ በዓይኔ ሸኘኋቸው። ለዐውደ ጥናት ውሎ አበል የማይሰስት አገር፣ ለእሳቸው አንዲት ቁራጭ ጥጥ ይነፍጋል?